የጋሽ አራት ነጥብ ማዳመጫ

የአባቴ ጆሮ መክሰር የጀመረው ከላይኛው ጫፍ ነው። መጀመሪያ ወፎቹ ሄዱ፤ ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፤ ከዚያ የስልኩ ጥሪ። አንድ ቀን ጠዋት "ዘንድሮ ወፎቹ ምን ዋጣቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። መስኮቱ ላይ ሦስቱ ተደርድረው ይንጫጩ ነበር። ብየዳ ይዤ ስለነበር "እንጃ" ብዬ አለፍኩት። አሁን ሳስበው የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነበር፤ ያኔ ግን ብረቱ እየቀዘቀዘብኝ ነበር።

የአባቴ ሥራ መስማት ነው። በፍርድ ቤት የድምፅ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቅጂ ሲገለብጥ ኖሯል። ችሎት ላይ የተቀዳውን በማዳመጫ እየሰማ፣ በእግሩ ፔዳል እያስቆመና እያስኬደ፣ ቃል በቃል ይተይባል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጋሽ አራት ነጥብ ነው የሚሉት። ዳኞች ሲናገሩ ዓረፍተ ነገራቸው የት እንደሚያልቅ ራሳቸውም አያውቁትም፤ እሱ ትንፋሻቸውን አድምጦ አራት ነጥቡን ልክ ቦታው ላይ ያሳርፋል።

ሥራው አንድ ሕግ አለው። ያልተሰማ ቃል ሲያጋጥም ደቂቃውና ሰከንዱ ተመዝግቦ በቅንፍ "አልተሰማም" ተብሎ ይጻፋል። ወጣቶቹ ተያቢዎች ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ገጹን በእሱ ይሞሉታል። አባቴ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን የጻፈባቸው ጊዜያት ከጣቶቹ አይበልጡም። "ጆሮ የሌለው ነው አልተሰማም የሚለው" ይላል።

ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ኩራት ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የተየባቸው ገጾች ከችሎት እየተመለሱ መጡ። ምስክሩ ያለው ሌላ፣ ገጹ ላይ ያለው ሌላ። ውሸት አልነበረም የሚጽፈው። ጆሮው ያልያዘለትን ድምፅ እውቀቱ ይሞላለታል። ዳኛ ይህን ካለ ቀጥሎ ምን እንደሚል፣ ጠበቃ ሲቃወም በምን እንደሚጀምር ያውቃል። ከመቶ ዘጠናውን ያገኘዋል። አሥሩ ግን የሰው ጉዳይ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ልጁ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ ክፉ አይደለችም። ደብዳቤውን በእጇ ሰጠችው። ከአራት ሳምንት በኋላ ሰኞ ፈተና አለ፤ የአሥር ደቂቃ ቅጂ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተገልብጦ ይቀርባል፤ ማለፊያው ከመቶ ሰማንያ ነው፤ ተፈታኙ የፈለገውን ማዳመጫ ይዞ መምጣት ይችላል። ካለፈ ጡረታው እስኪደርስ ሁለቱን ዓመት ወንበሩ ላይ ይቆያል። ከወደቀ ምድር ቤት ወርዶ ፋይል ይደረድራል። አባቴ ደብዳቤውን ገበታ ላይ ጮክ ብሎ አነበበልን፤ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል በየቦታው እያረፈ። ሲጨርስ "ሁለት የፊደል ስህተት አለው" አለ።

የጆሮ ሐኪሙ የሰጠውን ወረቀት አየሁት። መስመሩ ሜዳ ሜዳውን ይመጣና ድምፁ ቀጥኖ ሦስት ሺህ ኸርዝ ላይ ሲደርስ እንደ ገደል ይወርዳል። ከገደሉ በታች ያሉት ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጸ ናቸው። አንድን ቃል ከሌላው የሚለዩት እነሱ ናቸው፤ የቀረው ማጉረምረም ነው። ሐኪሙ የሰጠው አጋዥ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ማንኪያ ሲነካ ደወል ይሆንበታል፤ ማዳመጫ ከላዩ ሲደረግበት ደግሞ ያፏጫል።

ዲግሪዬ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ግን ማዳመጫ ነው። ሰዎች የገዙትን ያመጡልኛል፤ እፈታውና ሌላ ስፒከር፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ የጆሮ ትራስ እሠራለታለሁ። የሁሉም ደንበኛ ጸሎት አንድ ነው፦ ቤዝ ጨምሪልኝ። ሰ እና ሸ ይጨመርልኝ ብሎ የመጣ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

"ሦስት ሳምንት ስጠኝ" አልኩት አባቴን።

"ለምን?"

"ጆሮ ልሥራልህ።"

"ሁለት አለኝ እኮ።"

"ትርፍ ይኑርህ።"

ሳቀ። የሳቀው ሰምቶኝ ይሁን ፊቴን አይቶ አላውቅም።

ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ቀጭኑን ስለሚሸፍነው ወፍራሙን መቀነስ፤ ከሁለት ሺህ እስከ አራት ሺህ ያለውን ገፍቶ ማውጣት። ለዚህ ቀጭን ሽፋን ያለው ትንሽ ስፒከር መረጥኩ። ከጀርባው ጥጥ ሞላሁበት፤ የኋላ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በወረቀት ፕላስተር እየደፈንኩ ለካሁ። ስፒከሩ የተቀመጠበት ፕላስቲኩ ቤት ራሱ ስለሚነዝር የእንጨት ቤት አስፈለገኝ፤ ለእሱ አጎቴ አለ።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አናጢ ነው፤ ሰፈሩ ሜትሮ ይለዋል፤ ሻይ ሲቀዳለት እንኳ የብርጭቆውን ጎን በዓይኑ ሳይለካ አይጠጣም። ከአሮጌ በር የተረፈ ጠንካራ እንጨት ላይ ሁለት ጎድጓዳ ቤት ፈልፍሎ አመጣልኝ። ለካሁት።

"ጋሼ፣ የቀኙ በሁለት ሚሊ ይጠልቃል።"

"ሁለት ሚሊ? በሁለት ሚሊ ማንም ከሶኝ አያውቅም።"

"በር እኮ አይደለም፤ ጆሮ ነው።"

"የወንድሜ ጆሮ ድሮም አንዱ ከአንዱ ይጠልቃል። እናታችንን ጠይቂ" አለና፣ እናታቸው ከሞተች አሥር ዓመቷ መሆኑ ትዝ ሲለው ወስዶ አስተካከለው።

ድምፁን የምለካው በጂፕሰም ጭንቅላት ነው። በጆሮው ቀዳዳ ውስጥ ማይክሮፎን ቀብሬበታለሁ። አጎቴ ሙሽራው ይለዋል፤ "እዚህ ቤት ያመጣሽው ወንድ እሱ ብቻ ነው" እያለ። "ቢያንስ ያዳምጣል" እለዋለሁ። ሙሽራው ላይ ሁሉም ነገር አማረ። የቆዳውን ትራስ ትቼ በቀጭን ከፋይ ሰፋሁት፤ ከፋይ ወፍራሙን ድምፅ ያሾልካል፤ ቀጭንነቱ ደግሞ ስፒከሩን ወደ ጆሮ ያስጠጋል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር እኔ በፈለግኩት ቦታ ተራራ ሆነ። የአባቴን ገደል ገልብጬ የሠራሁት ተራራ ነበር።

ሙሽራው ግን መተየብ አይችልም። አባቴን መፈተን ነበረብኝ፤ ለፈተና የችሎት ቅጂ ያስፈልጋል። አልጋው ሥር አንድ ካርቶን ነበር፤ አርባ ካሴት። የመቆያ ጊዜያቸው አልፎ ሊጣሉ ሲሉ፣ ዘፈን እቀዳባቸዋለሁ ብሎ ያመጣቸው ናቸው፤ አልቀዳባቸውም። ሁሉም የአንድ ችሎት ናቸው፤ ያችኑ ፔዳል ያላት የድሮ ማጫወቻም አብሮ አምጥቷል።

"እነዚህን አንተ ነህ የገለበጥካቸው?"

"እና ማን?"

"ታስታውሳቸዋለህ?"

"የሰማሁትን ሁሉ ባስታውስ ኖሮ ይሄኔ አብጃለሁ። በጆሮ ይገባል፣ በጣት ይወጣል። እዚህ አያድርም" አለና ግንባሩን መታ መታ አደረገ።

ጥያቄዬ ጥሩ ነበር። ስህተቴ መልሱን ማመኔ ነው።

በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ አንድ ካሴት ይተይባል፤ እኔ ካሴቱን መልሼ እየሰማሁ ስህተቱን እቆጥራለሁ። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ስህተት። ጥጡን ቀነስኩ፤ አሥራ አምስት። አንዱን ቀዳዳ ከፈትኩ፤ አሥራ አንድ። ትራሱን ሰፋ አድርጌ ሰፋሁት፤ ስምንት። ሁሉንም በሰንጠረዥ እመዘግብ ነበር፦ ቀን፣ ምን እንደቀየርኩ፣ ስንት እንደቀነሰ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አምስት ደረስን፤ በሦስተኛው ሁለት። እናቴ እህቴን በአራስነቷ ልታግዝ ሄዳ ስለነበር ስልክ ደውላ "አባትሽስ?" ስትለኝ "ልሸጠው ነው፣ እንደ አዲስ ሆኗል" አልኳት። ደንበኞቼን አባርሬ፣ ምሳ ረስቼ፣ በራሴ ተደንቄ ከረምኩ። እሱም ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ለወጣቶቹ "ልጄ ማዳመጫ ሠርታልኛለች፤ እናንተ ስታስነጥሱ ሁሉ ይሰማኛል" እንዳላቸው ኃላፊዋ በኋላ ነገረችኝ።

ፈተናው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ አባቴ እየተየበ ሳለ አንድ ብሎን ከጠረጴዛው ወድቆ ተንከባለለ። ለመፈለግ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ክርኔ ገመዱን ሳበው፤ ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ፣ ጃኩ፣ ከማጫወቻው ወልቆ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። አየሁት። እጄን ዘርግቼ ልሰካው ስል የሆነ ነገር ያዘኝ።

ከላዬ መተየቡ አልቆመም።

ጃኩ ጉልበቴ አጠገብ ተጋድሟል። ከእሱ እስከ አባቴ ጆሮ ያለው ገመድ ባዶ ሽቦ ነው። የቁልፎቹ ድምፅ ግን ያው ነው፤ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። እግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ በዓይኔ እያየሁት ነው፤ ቀለል አድርጎ ለቀቀ፣ መልሶ ረገጠ። ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት ላይ ስደርስ አራት ነጥቧን መታት፤ የእሷን ምት ከሌላው ቁልፍ ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ከዚያ እጁ ቆመ።

"ምን ሆነ? ካሴቱ አለቀ እንዴ?"

ጃኩን ሰካሁት። "ገመዱ ነው። አሁን ወለቀ" አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስናገር ገባው።

ምሽት ላይ ሲተኛ ካሴቱን መልሼ አዳመጥኩት። ሁለት መስመር ተኩል። ዳኛው ስለ አንድ የግቢ ግድግዳ የተናገሩት ነው። አንድ ቃል አልተሳሳተም።

ሰንጠረዤን ሳየው ሌላ ነገር ሆኖ ታየኝ። ስህተቱ የቀነሰው በጥጡ አልነበረም፤ በትራሱም አልነበረም። የአንድ ችሎት ካሴቶች፣ የአንድ ዳኛ ድምፅ፣ በየቀኑ አንድ አንድ እየሰማ ጣቶቹ ሲነቁ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለካ የነበርኩት የአባቴን ጆሮ አይደለም፤ ትዝታውን ነው። እሱ ደግሞ እየዋሸኝ አይደለም። እየሰማሁ ነው ብሎ ያምናል። ሰው የሚያስታውሰውን በጆሮው እንደሚሰማው ዩኒቨርሲቲ አልነገሩኝም፤ ቢነግሩኝም ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ብዬ ነበር የምጠይቀው።

አርብ ጠዋት አጎቴ እንጨት ሥራ ቤት ሄጄ የሆነውን ነገርኩት፤ ለአባቴ ልንገረው ወይ ብዬም ጠየቅኩት።

"ሰውዬው ገደል አፋፍ ላይ እየሄደ ቢሆን ከኋላው ትጮሂበታለሽ?" አለኝ።

"እየሄደ ያለው ወደ ገደሉ ከሆነ አዎ።"

"እሱ እኮ አይሰማሽም" አለና በራሱ ቀልድ ሳይስቅ እንጨቱን ላጠ።

ቅዳሜ ትኩስ ቅጂ ሠራን። አጎቴ ዳኛ ሆነ፣ እኔ ምስክር፤ ክሱ አጎቴ በሩን አጣሞ ሠራብኝ ያለ ደንበኛ ነው። አጎቴ ዳኝነቱን ረስቶ ለተከሳሹ ተከራከረ። አባቴ ማዳመጫውን አድርጎ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ። ገጹን ሳየው ግማሹ ሌላ ታሪክ ነበር፤ በሩ የለም፣ መጣመሙ የለም፤ በምትኩ ንብረት፣ ውርስና ይግባኝ ገብተውበታል።

"ዳኛ እንዲህ አይናገርም" አለ አባቴ ማዳመጫውን እያወለቀ። "ይሄ ወንድሜ ድሮም ምስማር በአፉ ይዞ ነው የሚያወራው። አንቺም ብትሆኚ ቃል ትውጫለሽ።"

"እኔ?"

"ትቸኩያለሽ። ሁልጊዜ።"

እሑድ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። ስፒከሩን ቀየርኩ፣ መለስኩ፤ ትራሱን አሳሳሁ፤ ማጉያ ጨምሬ ቀጭኑን ድምፅ ገፋሁት፣ ገፋሁት። የሆነ ቦታ ላይ አባቴ ፊቱን አኮማተረ።

"ሰማኸው?"

"አመመኝ።"

"ሰ ናት እኮ። ሰ ስትባል አልሰማህም?"

"አሸዋ ነው የሚመስለው። ጆሮዬ ውስጥ አሸዋ የደፋሽብኝ ነው የሚመስለው።"

ብየዳውን ነቀልኩት። የሞተ ቦታ ላይ ድምፅ ብትጨምር ሕመም ብቻ ነው የሚሆነው፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ከሐኪሙ ወረቀት ማንበብ ይቻል ነበር። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ ያየሁት ችግር አልነበረም፤ የደንበኛ ትእዛዝ ነበር። ሙሽራው መደርደሪያው ላይ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል፣ ምንም አይገባውም። አባቴም ቁጭ ብሎ አፌን ያያል። ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

"ምን አልሽ?"

"ምንም አላልኩም።"

የማይሆንልኝ ነገር ቢኖር ዝም ማለት ነው፤ ያን ቀን ሆነልኝ። አንድ ነገር ግን አስልቼ ነበር። ቅዳሜ የወደቀው አጎቴ እንደ ዳኛ ስለማያወራ ነው። ሰኞ የሚመጣው እውነተኛ ዳኛ ነው፤ ልማደኛ ቃላት፣ ልማደኛ ጠበቃ። እንደ ወትሮው ከሞላው ዘጠና ያገኛል። ማለፊያው ሰማንያ ነው። ዝም ካልኩ ያልፋል። ስለዚህ ዝም አልኩ።

የፈተናው ክፍል ግማሹ መስታወት ነው። ኃላፊዋ ወንበሩን ራሷ ሳበችለት። "ይመችዎት፣ አባት" አለችው፤ እሱም የሰማ ይመስል "አሜን" አላት። እኔን ኮሪደሩ ላይ አስቀመጡኝ። የእንጨቱን ማዳመጫ አጠለቀ፣ ትራሱን በሁለት ጣቱ አስተካከለ፣ ፔዳሉን ረገጠ።

መጀመሪያ ጣቶቹ በረሩ። የመዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ የዳኞች ስም። ተነፈስኩ። ከዚያ እጁ ቆመ። በፔዳሉ ወደ ኋላ መለሰ። ሰማ። እንደገና መለሰ። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ተዘርግተው ሊወርዱ ሲሉ፣ ወደ ራሱ ሰበሰባቸው። የሚያውቃቸውን ልጆች ከመንገድ እንደሚጠራ ሰው ነበር ያየሁት። ከዚያ አጭር ነገር ተየበ። ቀጠለ፤ ቆመ፤ መለሰ፤ ያንኑ አጭር ነገር ተየበ። በመስታወቱ ውስጥ የሚመጣው የቁልፍ ምት ሁልጊዜ አንድ ነው። አሥረኛው ላይ ምን እየጻፈ እንደሆነ ገባኝ። መስታወቱን ልመታ ተነሳሁ፤ ብመታውም አይሰማኝም። መልሼ ተቀመጥኩ።

ከሰዓቱ በኋላ ኃላፊዋ ሁለት ገጽ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ለእኔ ማሳየት አልነበረባትም፤ የምታደርገው ስላጣች ይመስለኛል። ሠላሳ ስምንት ቦታ ላይ "አልተሰማም" ተጽፏል፤ እያንዳንዱ ከነደቂቃውና ከነሰከንዱ። ከመካከላቸው የተረፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር።

"አንድ ስህተት የለበትም" አለች። "ግማሹ ግን የለም። እንደ ወትሮው ቢሆን እኮ…" ብላ አቋረጠች።

"አውቃለሁ" አልኳት።

"ለምን ይሆን?"

ገጾቹን መለስኩላት። እሱ ከክፍሉ ወጣ። ገመዱን እኔ እንዳስተማርኩት ሳያጣምም ጠቅልሎታል። "የምድር ቤቱን ቁልፍ ከማን ነው የምረከበው?" አላት። እሷ የመለሰችለትን አልሰማም፤ እኔ ጽፌ ሰጠሁት።

አውቶቡስ ውስጥ እሱ መስኮቱ ጋ፣ እኔ አጠገቡ ተቀመጥን። ማዳመጫው ጉልበቱ ላይ ነው። አውራ ጣቱን ከፋዩ ላይ ወዲያ ወዲህ ያደርጋል።

"ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛው ሥር ምን ልትፈልጊ ነበር የገባሽው?"

"ብሎን።"

"ምን?"

"ብሎን!" የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ዞረ።

"አገኘሽው?"

አላገኘሁም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

"ገመድ ሲወልቅ ጠቅ ይላል" አለ። "ያን ጠቅታ አልሰማሁም። ሦስት ቀን አሰብኩት። የትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ለማግኘት ሞከርኩ፤ አጣሁት። ሁሉንም የሰማሁት ነው የሚመስለኝ።" አውራ ጣቱን ከከፋዩ አንስቶ "ስንት ያህል ነበር?" አለ።

"ሁለት መስመር ተኩል።"

ጆሮውን አዞረልኝ። ሁለት ጣት አሳየሁት፤ ሦስተኛውን ከግማሹ አጥፌ። ጣቶቼን ለረጅም ጊዜ አያቸው።

"ብዙ ነው" አለ። ከዚያ "አራት ነጥቡስ?"

"ልክ ቦታው ላይ።"

ይህን ሰማው፤ ወይም ከከንፈሬ አነበበው። ወደ መስኮቱ ዞረ። "ትራሱ ግን ምቹ ነው፤ ለሌላ ሰው አድርጊው" አለ፣ መስታወቱን እያየ።

ረዳቱ መውረጃችንን ሲጠራ እኔ ሰማሁት። አባቴ ግን ቀድሞኝ ተነስቶ፣ ማዳመጫውን በብብቱ ይዞ፣ በሩ ጋ ቆሟል። ሠላሳ አንድ ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ነው።